የሦስተኛው ቀን ትኩሳት

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የግልጥ ቤት በር ተከፈተ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ መግባት ጀመረ። ናሆም ተካልኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምላሱን አወጣ።

መጀመሪያ የገባችው ቲማቲም ነጋዴዋ ኤልዳና ነበረች። ዘንቢሏን በሩ አጠገብ አስቀምጣ አገጩን ያዘችና ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«ነጭ ነገር አለው» አለች።

«እርጎ ነው። አሁን ነው የበላሁት።»

«ጥፍርህን።»

ጥፍሩን አሳያት።

«ከአርባ ወደ ኋላ ቁጠር።»

ቆጠረ። ሠላሳ ሁለት ላይ ሲደርስ «በቃ፣ ገበያው ረፈደብኝ» አለችው። እጇን ግንባሩ ላይ ጫነችና ትንሽ ቆየች። ከዚያ እጇን አነሳች፤ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ለእሱ ምንም አላለችውም። ከደጅ ለተሰለፉት ግን «ቀዝቃዛ ነው» ስትል በመስታወቱ ውስጥ ሰማት።

ግልጥ ቤት በሸክላ ሜዳ ከተማ፣ አራተኛ ቀበሌ አደባባይ ላይ የቆመ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ሦስቱ ግድግዳዎቹ መስታወት ናቸው፤ አራተኛው ጥቁር ሰሌዳ ነው። መጋረጃ የለውም። መጸዳጃው ከወገብ በላይ ክፍት ነው። ከሕዝቡ ቀድሞ የሚከተበው ቀማሽ ከተወጋ በኋላ አርባ ቀን እዚህ ይኖራል፤ ከጧት እስከ ማታ ማንም የእድሩ አባል ገብቶ ያየዋል፣ ይዳስሰዋል፣ የጎረቤቶቹን ስም ያስጠራዋል። የታየው ነገር ማታ ማታ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። የትናንቱ «አንደኛ ቀን። በላ። ተራመደ። ስም አልሳተም። ሳቀ» ይላል።

ናሆም በዚህ ሥራ ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቷል፤ አሥራ ዘጠኝ ክትባት ቀምሷል። መቅመስ ይባል እንጂ የሚቀምሰው በክንዱ ነው። ቃሉ የመጣው ጠላ ቀጂ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ጠጥታ ለእንግዳ ከምትቀዳበት ከጥንቱ ወግ ነው። መንግሥት የሚያቀርበውን ነገር በመዳፉ አፍስሶ ቀድሞ እንዲጠጣ ማድረግ ስላልተቻለ፣ እድሩ የራሱን ሰው ሾመ።

ከኤልዳና በኋላ ሦስት ወንዶች አብረው ገቡ። ወንዶች ሁልጊዜ ሦስት ሆነው ነው የሚገቡት። ሁለቱ መስታወቱን እንደሚመረምር ሰው ወዲያ ወዲያ ሲያዩ፣ ሦስተኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ ናሆም፣ እንግዲህ… ጧት ጧት እንዴት ነህ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ደኅና ማለት… እንደ ድሮው?»

«እንደ ድሮውማ ብሆን እዚህ መስታወት ውስጥ ምን አስቀመጠኝ? እንደ አምናው ነኝ።»

ሳቁ። እየሳቁም ግንባሩን ተራ በተራ ነኩት፤ ሳቃቸው እዚያ ላይ ቆመ።

የትኩሳቱ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። ሸክላ ሜዳ ውስጥ ታሪክ የሌለው የጤና ደንብ የለም።

ለምሳሌ ክትባት ላይ ስም አይጻፍም። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ይጻፍ ነበር። ጤና ጣቢያው የወጣቶቹን ስም፣ ዕድሜና የቤት ቁጥር መዝግቦ ወጋቸው፤ ክትባቱም ጥሩ ክትባት ነበር። በሦስተኛው ወር ያው ዝርዝር በወታደሮች እጅ ተገኘ። ቤት ለቤት እየዞሩ ለዘመቻ በስም ጠሩ፤ ዕድሜያቸውን ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ከዚያ ወዲህ የሚከተብ ሕፃን ስም የለውም። እናቱ አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ ትጥላለች፤ ማታ ሐኪሟ ባቄላውን ትቆጥራለች።

ሁለተኛው ታሪክ የውሃው ነው። ከዝርዝሩ በኋላ እድሮች ቀማሽ መሾም ጀመሩ፤ ግን ቀማሽ በተወጋ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ያየው ሰው ፈርቶ ይቀራል። የዞኑ ጽሕፈት ቤት ለሕዝቡ አሰበ። አስቦም ለቀማሾቹ ብቻ የሚላከውን ብልቃጥ በውሃ ሞላው። በዚያ ዓመት የአራተኛ ቀበሌ ቀማሽ የናሆም አባት ተካልኝ ነበር። ለምን እንዳላተኮሰው የጠየቁትን ሁሉ «ይኼኛው የተሻሻለ ነው፤ ትኩሳት የለውም» አላቸው። የነገሩትን ነው የተናገረው። ሕዝቡ አመነ፤ ተከተበ፤ የተከተበውም እውነተኛውን ነበርና ማንም አልተጎዳም። ነገሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲወጣ ግን የዳነውን የቆጠረ ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ወረርሽኝ ከመቶ ቤት ዘጠና አምስቱ እምቢ አለ፤ አርባ አንድ ሕፃናት ተቀበሩ። አንዷ የሱራፌል ገብሬ የበኩር ልጅ ነበረች፤ ሕሊና፣ የሦስት ዓመት ልጅ።

ተካልኝ እስኪሞት ድረስ «አላወቅሁም» ሲል ኖረ። ሲሞት እድሩ ቀበረው፤ አላለቀሰለትም።

ናሆም ቀማሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሱራፌልም ባላንጣ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ባላንጣ ሹመት ነው፤ ቀማሹን የሚጠላበት በቂ ምክንያት ላለው ሰው ይሰጣል። ከሳጥኑ ውስጥ የቀማሹን ብልቃጥ በእጁ የሚመርጠው እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በሕዝብ ፊት የቀማሹን ግንባርና ብብት የሚዳስሰውም እሱ ነው። ትኩሳት ካለ ብልቃጡ እውነተኛ ነው። ትኩሳት ከሌለ ውሃ ነው፤ ሳጥኑ ይመለሳል። መሣሪያ አይፈቀድም፤ መሣሪያ ባለቤት አለው።

ዘንድሮ ደግሞ ጊዜ የለም። ይህ ክትባት የሚከላከለው ቀይ ሳል ወይን አምባ ገብቷል፤ ወይን አምባ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። እድሩ ድንኳን ጥሎ ተሰበሰበና፣ ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ከታየ አርባው ቀን ቀርቶ በአራተኛው ቀን ሕፃናቱ ይከተቡ ብሎ ወሰነ። ካልታየ ግን ደንቡ ደንብ ነው።

ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው። ናሆም እጁን በራሱ ግንባር ላይ አደረገ። ኤልዳና ልክ ነበረች።

ዶክተር አስካለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወላጆች የቅድመ አያቶችን ስም መልሰው ያወጡበት ትውልድ ልጅ ስለሆነች፣ በከተማው ኤልዳናና ሶልያና የሚባሉት አሮጊቶች፣ አስካለና ትርንጎ የሚባሉት ኮረዶች ናቸው። ትምህርቷን ኮሪያ ጨርሳ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ስታወራ አትቀመጥም፤ ከመስታወት ወደ መስታወት ትመላለሳለች።

«ጋሽ ናሆም፣ ትኩሳት አይጠብቁ። አይመጣም። ሠሪዎቹ ከክትባቱ አውጥተውታል።»

«ለምን አወጡት?»

«ሰው እንዳይፈራ።»

«የትኛው ሰው?»

«እንዲያው… በአጠቃላይ ሰው።»

«እዚህ ሰው የሚፈራው ትኩሳቱ ሲጠፋ ነው፤ ልጄ። ጠይቀውን ቢሆን እንነግራቸው ነበር።»

«ግድ የለም፣ ነገ እድሩ ፊት ቆሜ አስረዳለሁ። ወረቀቱም አለኝ።»

«ምን ብለሽ ታስረጃለሽ?»

«ይኼኛው የተሻሻለ ነው፣ ትኩሳት የለውም ብዬ ነዋ።»

ናሆም ቀና ብሎ አያት። «ይኼን ቃል ማን ሰጠሽ?»

«ማንም። እውነቱ ነው።»

«ቃሉ የአባቴ ነው። አንድም ፊደል አልጎደለውም።»

ነገራት። መመላለሷን አቆመችና ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ግን አልዋሽም» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። አባቴም አልዋሸም።»

«ደም ልውሰድና ላሳያቸው? በአንድ ሰዓት ይታወቃል።»

«መሣሪያው የማን ነው?»

መሣሪያው የዞኑ ጽሕፈት ቤት መሆኑን ታውቃለች፤ ቦርሳዋን ዘጋች።

«እነሱን እንተዋቸው» አለ ናሆም። «ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ክንዴ ውስጥ የገባው ውሃ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሳጥኑ ታሽጎ ነው የመጣው። ቁጥሩን አመሳክሬያለሁ። የምርመራ ውጤቱን—»

«እሱን ሌሎች ጽፈውት ነው። አንቺ ራስሽ በምን አወቅሽ?»

ዶክተር አስካለ በመስታወቱ ወደ አደባባዩ አየች። ውጭ የቆሙት ሰዎች እሷን ያያሉ።

«አምኜ ነው» አለች።

«ማንን?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጁ ትርንጎ የእራቱን ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። የሰባት ወር ልጇን እጅጋየሁን አዝላለች። ሕፃኗን አውርዳ መሬት ላይ ስታስቀምጣት፣ ሕፃኗ በሁለት እጇ መስታወቱን መምታት ጀመረች።

«አባዬ፣ መጣ?»

«ገና ነው።»

«ወይን አምባ ዛሬም አራት ቀበሩ። የባለቤቴ እኅት ናት የደወለችው። ሁለቱ የአንድ ቤት ናቸው።»

«የነገውን ማን ያውቃል።»

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ብቻዬን ባስወጋትስ?»

«እድሩ ከሰማ ያስወጣሻል።»

«ያስወጣኝ።»

«አማችሽ በቀደም እንደታመሙ አውቃለሁ። ቢሞቱ ማን ይሸከማቸዋል? ባልሽና የጎረቤት ውሻ?»

ትርንጎ መሳቅ ፈልጋ አልሆነላትም። «ነገ ትኩሳት ከሌለህ ሳጥኑ ወደ መጣበት ይመለሳል» አለች። «እኔስ ወዴት ልመለስ?»

ናሆም የልጅ ልጁን አነሳት። ሕፃኗ አፍንጫውን ያዘችው። ልትለቀው ስላልፈለገች በአፍንጫው እያወራ፣

«አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ላኪልኝ» አለ። «ጉሮሮዬን ከርከር አድርጎኛል።»

የትርንጎ ዓይን በራ። «አመመህ እንዴ?»

«ከርከር ብቻ ነው።»

ብርሃኑ ጠፋ። ያን ጊዜ አባት ልጁን አይቶ አንድ ነገር ገባው፤ በዚህ ከተማ ውስጥ እሱ እንዲታመም የማይጸልይ ሰው የለም፤ እሱን ጨምሮ።

የነጭ ሽንኩርቱን ዘዴ ማንም አላስተማረውም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። በዝርዝሩ ጊዜ ወጣቶች ከወታደሩ ሐኪም ፊት ከመቅረባቸው በፊት በብብታቸው ይዘውት ያድሩ ነበር፤ ሰውነት ያነዳል ይባላል። ናሆም ከመንጋቱ በፊት ትርንጎ የላከችለትን ፍሬዎች በጥርሱ ልጦ፣ በብርድ ልብሱ ውስጥ በሁለቱ ብብቶቹ ያዛቸው። አስቀድሞ ቀዘቀዙት፤ ከዚያ ቆረቆሩት፤ ከዚያ እንደ ፍም ሆኑ። ጥርሱን ነክሶ ስለ አባቱ ላለማሰብ ሞከረ። አባቱ ቢያንስ አላወቀም ነበር።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፍሬዎቹን መጸዳጃ ውስጥ ጨመራቸው፤ ብብቱን በሳሙና አጠበ፤ እንደገና አጠበ። ቆዳው ተልጦ ነበር፤ ሙቀቱ ግን አልለቀቀውም። ላብ ፊቱን ሞልቶታል፤ ከነጭ ሽንኩርቱ ይሁን ከፍርሃቱ እሱም መለየት አልቻለም።

እኩለ ቀን ላይ አደባባዩ ሞላ። የእድሩ ዳኛ እትዬ ሶልያና በሰባ ዓመታቸው ቀጥ ብለው ቆመው ደንቡን አነበቡ። ዶክተር አስካለ ከኋላ፣ ወረቀቷን ሳትዘረጋ ቆማለች። ናሆም ሸሚዙን አውልቆ በመስታወቱ በር ላይ ቆመ።

ሱራፌል ገብሬ መጣ። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነው። በሁለት ሰዎች ፊት እጁን ታጠበ፤ ጠረገ። የእጁን ጀርባ በናሆም ግንባር ላይ ጫነ። ከዚያ መዳፉን ብብቱ ውስጥ አስገባ።

ሕዝቡ ወደ ፊት ተገፋፋ። ከሰው መሐል አንዲት ሴት «ኧረ ተናገር፤ ልጅ አዝለናል!» አለች።

ሱራፌል እጁን አወጣ። ላቡን እንደሚጠርግ ሰው እጁን በፊቱ ላይ አሳለፈ፤ አፍንጫው ላይ ሲደርስ ትንሽ ዘገየ። ናሆም አየው። ሱራፌልም ማየቱን አየ።

«ትኩሳት አለው» አለ ሱራፌል።

እልልታው አደባባዩን ሞላው። ኤልዳና «ሰውዬው ታሟል! ሰውዬው ታሟል!» እያለች ከማታውቀው ሰው ጋር ተቃቀፈች። እትዬ ሶልያና ጠመኔውን አስመጥተው በእጃቸው ጻፉ። ዶክተር አስካለ መጥታ ናሆምን «እንኳን ደስ አለዎት» ብላ ጨበጠችው፤ እጁን እንደያዘች ፊቷ ትንሽ ተለወጠ፤ ለቀቀችውና ወደ ሳጥኑ ሄደች።

በማግሥቱ ከጧት እስከ አሥር ሰዓት ሕፃናቱ ተከተቡ። ሳጥኑ ከቀማሹ ሌላ አራት መቶ ብልቃጥ ነበረው፤ በቀበሌው ያሉትም ሕፃናት አራት መቶ ናቸው። ስም አይጻፍም እንጂ እትዬ ሶልያና ሁሉንም በመልክ ያውቃሉ። ትርንጎ ከፊተኞቹ መሐል ነበረች። እጅጋየሁ ስትወጋ ያሰማችው ጩኸት እስከ ግልጥ ቤት ተሰማ፤ ናሆም ቁጭ ብሎ ሲሰማው ለጥቂት ጊዜ ሌላ ነገር ሁሉ ጠፋው።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመረ። አልጋው ላይ ሆኖ የሚያልፉትን እያየ፣ የሱራፌልን ሁለት የልጅ ልጆች ፈለገ። አምስት ዓመት ያልሞላቸው መንትያ ናቸው፤ አንዱ ይነክሳል፤ ሁሉም ያውቃቸዋል። አላለፉም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሱራፌል ለዕለቱ ምርመራ ገባ። በሩን ከኋላው ገጠም አደረገው። ከመስታወቱ ውጭ እናቶች ቆመው ያወራሉ፤ ያያሉ፤ ዝቅ ብሎ የሚነገረውን ግን አይሰሙም። ሁለቱ ሰዎች ከሹመታቸው ቃል ውጪ ሠላሳ አንድ ዓመት ተነጋግረው አያውቁም።

«ግንባርህን» አለ ሱራፌል፤ እጁን ጫነ።

«ልጆቹን አላመጣሃቸውም።»

«አላመጣኋቸውም።»

«ሁለት ብልቃጥ ተርፏል። የእነሱ ነው።»

«አውቃለሁ። ምላስህን አውጣ፣ እያዩን ነው።»

ናሆም አወጣ።

«ስንት ራስ ነው?» አለ ሱራፌል ምላሱን እያየ።

ናሆም ምላሱን መለሰ። «ምኑ?»

«ነጭ ሽንኩርቱ።»

ውጭ ያለች አንዲት ሴት እጇን አወዛወዘችለት። ናሆም እጁን አንስቶ መለሰላት። «አንድ ራስ» አለ።

«ለታላቅ ወንድሜ እናቴ ሁለት ራስ ነው ያስያዘችው። ወታደሩ ሐኪም ብብቱን ነክቶ እጁን አሸተተ፤ ሳቀ፤ መኪና ላይ ጫነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያ ሽታ አይጠፋኝም።»

«ካወቅህ ለምን ትኩሳት አለው አልክ?»

«እድሩ የሾመው እጄን ነው። እጄ ሙቀት አገኘ፤ ተናገርኩ። አፍንጫህስ ምን አገኘ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

«አትቀልድ።»

«መቼ ቀለድኩ? ያ ሁሉ እናት ዓይን ዓይኔን እያየ ምን እንድል ነበር? ውሃ ነው ልበል? አላውቅም። ውሃ አይደለም ልበል? እሱንም አላውቅም። በሌላ ሰው ልጅ ላይ መፍረድ ይቅርብኝ አልኩ። በእኔ ሁለቱ ላይ ግን የምፈርደው እኔ ነኝ። ጥፍርህን አሳየኝ።»

ናሆም እጁን ዘረጋ። «ክትባቱ እውነተኛ ነው፣ ሱራፌል።»

«በምን አወቅህ?»

ናሆም መልስ ፈለገ። ሳጥኑ፣ ማሸጊያው፣ ቁጥሩ፣ ሐኪሟ። ሁሉንም አንድ በአንድ አሰበና አንዱንም አፉ ላይ አላመጣውም። «ምንም ቢሆን ከቀይ ሳል ይሻላል» አለ በመጨረሻ። «አንድ ጊዜ እምቢ ብለህ—»

«አንድ ጊዜ እምቢ ብዬ ልጄን ቀበርኩ። ይኼ ነው የምትነግረኝ? እሱን በየጧቱ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ያንተ እርዳታ አያስፈልገኝም።» ድምፁን አላነሳም። ከውጭ ላለ ሰው ጥፍር እየተመለከተ ነው። «ታውቃለህ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ብልቃጥ ስመርጥልህ፣ ስዳስስህ፣ አንድ ቀን ስትዋሽ እንድይዝህ ነበር ምኞቴ። አልያዝኩህም። ሰውዬው ከአባቱ ይለያል፣ አባቱም ምናልባት እውነቱን ነው ማለት ጀምሬ ነበር። ለሚስቴም ነግሬያታለሁ።»

ናሆም እጁን መልሶ ሰበሰበ።

«ትናንት እዚያ በር ላይ ቆመህ ‹ትኩሳት የለኝም፤ ለምን እንደሌለኝም አላውቅም› ብትል ኖሮ፣ ዛሬ ሁለቱን ከማንም ቀድሜ አመጣቸው ነበር።»

«ሳጥኑ ይመለስ ነበራ!»

«ይመለስ። መኪናውን መንገድ ላይ አስቁሜ አስወጋቸው ነበር። እድሩ ቢያስወጣኝም።»

«አሁን ልናገር» አለ ናሆም። ተነሣ። «አሁኑኑ ሰሌዳው ላይ ልጻፈው።»

«ተቀመጥ፣ እያዩን ነው። አሁን ብትናገር ለማን ብለህ ነው? ለእኔ ልጆች። እነሱን ልታስከትብ። ያ እኮ ሌላ ቅስቀሳ ነው፣ ናሆም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራው።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ነገ ጧት ወደ ደጋ እወስዳቸዋለሁ። የዚያን አገር ቀማሽ አላውቀውም። አባቱንም አላውቀውም። ምናልባት አምነዋለሁ።»

«መንገዱ በወይን አምባ ነው የሚያልፈው።»

«መስኮት እዘጋለሁ» አለ ሱራፌል።

ወደ ሰሌዳው ሄዶ በጥሩ ጽሕፈቱ «አራተኛ ቀን። በላ። ትኩሳቱ ወረደ» ብሎ ጻፈ፤ በሩን ከፍቶ ወጣ። እናቶቹ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዷ ትከሻውን ሳመችው።

ዶክተር አስካለ የባቄላ ጣሳዋን ታቅፋ ስትገባ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ባቄላውን አልጋው ላይ ደፋችውና በአሥር በአሥር ከፋፈለችው። ሦስት መቶ ዘጠና ስምንት ነው። ከቦርሳዋ የእጅ መሣሪያዋን አወጣች፤ ቁጥሩን ለመሣሪያው ነገረችው።

«ሁለቱ ያልተከተቡበትን ምክንያት ይጠይቃል» አለች። «ሳይሞላ አይዘጋም። ፍርሃት?»

«ሱራፌል አይፈራም።»

«ሃይማኖት?»

«የለበትም።»

«ርቀት?»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። የሱራፌል ቤት ከአደባባዩ ማዶ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር፤ ግቢው ውስጥ ሚስቱ የልጆች ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ታጣጥፋለች።

«ነጭ ሽንኩርት ብለሽ ጻፊ» አለ ናሆም።

ዶክተር አስካለ ጣቷን ከመሣሪያው ላይ አነሳች። «አውቃለሁ» አለች። «ትናንት ስጨብጥዎት እጅዎ በረዶ ነበር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ሕፃናቱ እንዲከተቡ።»

«እኔም ለዚያው ነው። የዞኑ ጽሕፈት ቤትም ያን ጊዜ ለዚያው ነበር።»

ዶክተሯ የመሣሪያውን ገጽ ወደ ታች ገፋች። ከዚያ፣ «የቀረው ምርጫ አንድ ነው፤ የመረጃ እጥረት ይላል» አለች።

«በዚህ ከተማ ሁሉን የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ናሆም። ግን ሌላ የለውም።»

ነካችው። መሣሪያው ተቀበለ፤ አመሰገነም። የመረጃ እጥረት ለታየበት ቤተሰብ ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ አስተማሪ መልእክት እንደሚደርሰው ገለጸ።